የዩኒስ የክረምት ኮርስ ከጅማ ለሚነሳ ተማሪ፦ ምኑ ያዋጣል፣ ምኑ ያስቸግራል

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ የደህንነት ሥልጠናው ከትምህርቱም ይበልጣል። ማረፊያው ደህና ነው፣ ኑሮው ውድ ነው። ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚንገላታው በወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ከተሳካለት ብርዱም ድቡም ይቻላል።

ዩኒስ የሚባለው በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴቶች፣ ሎንግየርቢየን ከተማ ውስጥ ያለ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ነው። የተቋቋመው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታው ከምድር ወገብ 78 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሆነ ከእሱ ወዲያ ሌላ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የለም። ከጅማ በአየር ቢለካ ወደ 7,900 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከተማዋ በከሰል ማዕድን የተቆረቆረች ናት፤ የዛሬው ነዋሪዋ 2,500 ገደማ ነው፤ ጅማ ላይ አንድ ቀበሌ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ማዕከሉ ራሱ ዲግሪ አይሰጥም። ተማሪው ከአገሩ ዩኒቨርሲቲ እንደተመዘገበ ይሄዳል፣ ኮርሱን ይወስዳል፣ ውጤቱን ይዞ ይመለሳል። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ ከተማሪውም ግማሽ ያህሉ ከኖርዌይ ውጭ የመጣ ነው።

የትምህርት ክፍሎቹ አራት ናቸው፦ ባዮሎጂ፣ ጂኦሎጂ፣ ጂኦፊዚክስና ቴክኖሎጂ። የኮርስ ኮዶቹ በተራቸው በኤቢ፣ በኤጂ፣ በኤጂኤፍና በኤቲ ይጀምራሉ። ቁጥሩ በ200 ከጀመረ ለመጀመሪያ ዲግሪ፣ በ300 ከጀመረ ለማስተርስ፣ በ800 ከጀመረ ለዶክትሬት ነው። ይህን ሳያውቁ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለ300 ኮርስ አመልክተው ወዲያው ውድቅ ይደረግባቸዋል።

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ማን ቢሄድ ያዋጣዋል? የአፈርና የውኃ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ የባዮሎጂና የጂኦሎጂ ተማሪ ያለ ጥርጥር። የኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሲቪል ምህንድስና ተማሪም ቢሆን በቴክኖሎጂው በኩል የሚማረው አያጣም። እዚያ መሬቱ ከላይ በክረምት አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ይቀልጥና ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ እንደሆነ ይቀራል፤ ቤት የሚሠራው በምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። የቤቱ ሙቀት ወደ መሬቱ ከወረደ በረዶው ይቀልጣል፣ መሠረቱም ይሰምጣል። ዝናብ ሲመጣ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የጅማን ጥቁር አፈር ለሚያውቅ መሐንዲስ ጥያቄው እንግዳ አይሆንበትም። የሕክምና፣ የፋርማሲና የቢዝነስ ተማሪ ግን የሚገባበት ክፍል የለም።

ማመልከቻው

የክረምት ኮርሶች በሐምሌና በነሐሴ ስለሚሰጡ ከእኛ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ጋር ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ። የማመልከቻው ቀን ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ይዘጋል፤ ሥራው በጥምቀት ሰሞን ቢጀመር ነው የሚሻለው። ማስረጃው ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ትራንስክሪፕቱ የኮርስ ስምና ውጤት ብቻ ይይዛል፤ ገምጋሚው «ጄኔራል ኢኮሎጂ» ሲባል ምን እንደተማራችሁ አያውቅም። ስለዚህ ከየኮርሱ ዝርዝር መግለጫ አንድ አንድ ገጽ አያይዙ፣ የትምህርት ክፍሉ ማኅተም ይደረግበት። ሁለተኛ፣ ክሬዲቱ ተመልሶ እንደሚያዝ አስቀድሞ ከትምህርት ክፍል ኃላፊና ከሬጅስትራር በጽሑፍ ማስፈረም ያስፈልጋል። «ስትመለስ እናየዋለን» የሚል የቃል መልስ ከተመለሱ በኋላ ለወራት ያመላልሳል።

ስለ ክፍያ አንድ ጥንቃቄ። ኖርዌይ ከአውሮፓ ኅብረትና ከኢኮኖሚ ቀጣናው ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ከ2023 እ.ኤ.አ. መኸር ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አስገብታለች። «ኖርዌይ ትምህርት ነፃ ነው» የሚለው የቀድሞ ወሬ እስካሁን በካምፓስ ይዞራል፤ አትመኑት። የምትመርጡት ኮርስ ገጽ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ካልገባችሁ ጽፋችሁ ጠይቁ። የመስክ ቀናት ምግብ ለብቻው የሚታሰብ መሆን አለመሆኑንም እዚያው አጣሩ።

ቪዛው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንናገር። ስቫልባርድ ለመግባት ለማንም ቪዛ አያስፈልግም። ይህ እውነት ነው፣ ግን ሰውን ያሳስታል። ወደዚያ የሚወስደው መደበኛ በረራ ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ነው፤ ሁለቱም ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ቀጣና) ውስጥ ናቸው፣ ስቫልባርድ ግን ከሸንገን ውጭ ነው። ወደ ሎንግየርቢየን ስትሳፈሩ ከሸንገን እንደወጣችሁ ይመዘገባል። ስትመለሱ እንደ አዲስ ትገባላችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ሲሄድ ችግር የለበትም፤ ሲመለስ የሚገባበት በር ያጣል። ስለዚህ ቪዛው ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። ቅጹ ላይ የመግቢያው ብዛት የሚጠየቅበትን ሣጥን በትክክል ምልክት አድርጉ፤ በደብዳቤያችሁም ምክንያቱን በሁለት መስመር አስረዱ። ቪዛው ሲመጣ ከኤርፖርቱ በፊት እዚያው ቆማችሁ ቁጥሩን እዩ።

የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። የጣት አሻራ ስለሚወሰድ በአካል አዲስ አበባ መቅረብ ግድ ነው። ጉዞው ከመድረሱ ከስድስት ወር በፊት ማመልከት አይቻልም፣ ከ15 ቀን ያነሰ ጊዜም መቅረት የለበትም። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በአንዲት የጎደለች ወረቀት መመለስ ስለሚያናድድ ከእያንዳንዱ ሰነድ ሁለት ቅጂ ይያዝ።

የጤና መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይጠየቃል። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በርካሽ የሚሸጠው የጉዞ መድን ሽፋኑ «የሸንገን አገሮች» ላይ ያበቃል፤ ስቫልባርድ ደግሞ ከእነሱ አንዱ አይደለም። ለቪዛው ያገለገለ መድን ለቦታው ላያገለግል ይችላል ማለት ነው። ሎንግየርቢየን ያለው ሆስፒታል ትንሽ ነው፤ ከባድ ሕመምተኛ በአውሮፕላን ወደ ትሮምሶ ይላካል። ውሉ ላይ ስቫልባርድ በስሙ መጠቀሱን፣ ፍለጋና ማዳን እንዲሁም በአየር ማመላለስ መካተቱን አረጋግጡ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ከተማዋ በጥሬ ገንዘብ ብዙም አትገበያይም። በውጭ አገር ክፍያ የሚሠራ ካርድ ከባንክ አስቀድሞ ይውጣ፤ የአገር ውስጥ ኤቲኤም ካርድ እዚያ ፕላስቲክ ነው።

ልብስ፦ ከመርካቶ ሰልባጅ ምን ይገዛ፣ ምን ይተው

በሐምሌ ሎንግየርቢየን በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. 21.7 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ በዚያ ተማምናችሁ ግን ቀላል ልብስ እንዳትይዙ። ዝናቡ ከጅማ ጋር አይወዳደርም፤ ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ስታገኝ እዚያ 200 ገደማ ነው። የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። ጃንጥላ ጭራሽ አይያዝ።

ለባሕር ጉዞ የሚለበሰውን ወፍራም ቱታ፣ የራስ መከላከያ፣ ገመድ፣ ጠመንጃና የአደጋ ጊዜ መገናኛ ማዕከሉ ያቀርባል። ከቆዳ ላይ የሚውለው ልብስ፣ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ጫማ የተማሪው ድርሻ ነው። ይህን ሁሉ አዲስ መግዛት ለኪስ ከባድ ነው፤ ጅማ መርካቶ ቦንዳ በሚፈታበት ጠዋት ለሄደ ሰው ግን ግማሹ ይገኛል። የሐሙስ ገበያም አይናቅ።

የሱፍ ሹራብና የሱፍ የውስጥ ልብስ ከሰልባጅ ያለ ስጋት ይገዛል። ሱፍ እርጥብ ሆኖም ያሞቃል፤ ጥጥ ውኃ ይጠጣና ሙቀቱን ከሰውነት ይስባል። ለዚህ ነው ካናቴራ፣ ጂንስና የጥጥ ካልሲ መስክ ላይ የሚከለከሉት። መለያው ከተቆረጠ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ንኩት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። አክሪሊክ ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ነጋዴው ቢያጉረመርም እንኳ አንዲት ክር ናት።

የዝናብ ጃኬት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የውስጡን ገልብጡና በጣታችሁ እሹት። ነጭ ቅርፊት የሚረግፍ ከሆነ፣ ወይም ስፌቱን የሚሸፍነው ቀጭን ፕላስቲክ ከጠርዙ ከተላጠ፣ ሽፋኑ አርጅቷል ማለት ነው፤ ከውጭ አዲስ ቢመስልም ውኃ ያስገባል። ብዙው የሰልባጅ ሬንኮት ወደዚህ የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ተጥሎ ነው።

የተራራ ጫማ ከሰልባጅ አትግዙ። የሶላቸው መካከለኛ ክፍል ከፖሊዩሪቴን አረፋ የተሠራ ከሆነ ዓመታት መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ እርጥበት ይበላዋል፤ ላዩ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ሶሉ ግን በመጀመሪያው እርጥብ ቀን ተፈርፍሮ ይላቀቃል። እንዲህ ያለው ጫማ ገበያ ላይ ሲራመዱበት ምንም አይልም። የጎማ ቦት ግን ክረምቱን ጭቃ ለሚገፉ ገበሬዎች የሚሸጠውን እዚሁ ጅማ ገዝቶ መሄድ ይቻላል፤ ለወንዝ ዳርና ለጭቃ ይሆናል። ሁለት የሱፍ ካልሲ የሚያስገባ ቁጥር ይመረጥ። እግርን የጠበቀ ጫማ ደም ስለሚከለክል ከቀጭኑ ይልቅ ይበርዳል።

ጓንት ሁለት ይያዝ፤ አንዱ ሲርስ ሌላው ደረት ውስጥ ይሞቃል። ጋቢ ለአልጋ ድንቅ ነው፣ ለመስክ ግን ጥጥ መሆኑ አይረሳ። የቤት ነጠላ ጫማም ያስፈልጋል፦ ማዕከሉ ውስጥ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ልማዱ ከከሰል ማዕድን ዘመን የቀረ ነው፤ መስጊድ ለለመደ ሰው አዲስ አይሆንም።

የጎደለውን እዚያው መግዛትም ይቻላል። ስቫልባርድ ውስጥ የኖርዌይ 25 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ስለማይከፈል የመስክ ዕቃ ከኦስሎ ይልቅ ይረክሳል። ምግቡ ግን በመርከብና በአውሮፕላን ስለሚመጣ ዋጋው ያስደነግጣል።

የደህንነት ሥልጠናው

ለዚህ ኮርስ ሙሉ ነጥብ የምንሰጠው ለዚህ ክፍል ነው። ማንም ተማሪ ሳይሠለጥን መስክ አይወጣም። የሚሰጠውም በወሬ አይደለም፤ ተኩሱ ይተኮሳል፣ ባሕሩ ውስጥ ይገባል።

ከከተማው ወሰን ውጭ ነጭ ድብ የትም ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ማባረሪያ እንዲይዝ ሕግ ያስገድዳል፤ ጠመንጃም ይያዛል። ሥልጠናው በቦልት በሚሠራ ጠመንጃ ነው፤ አሮጌ ማውዘር እስካሁን ያገለግላል። አባቱ ማውዘር የነበረው የጅማ ልጅ ቶሎ ይለምደዋል፣ ግን ደንቡ ይለያል። መስክ ላይ ካዝናው ጥይት ይይዛል፣ ጠመንጃው ግን አይቀባበልም። ከተማ ሲገባ ካዝናው ይራገፋል፣ ባዶ መሆኑም ከሩቅ መታየት አለበት። በጣም የሚቆጡበት ስህተት አፈሙዙን ወደ ሰው ማዞር ነው፤ ለቀልድ እንኳ ቢሆን።

ጠመንጃው የመጨረሻው ነው። ከእሱ በፊት የምልክት ሽጉጥ አለ፤ ጥይቱ ሄዶ በብርሃንና በድምፅ ይፈነዳል። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፦ ሰው ደንግጦ አርቆ ይተኩስና ጥይቱ ከድቡ ኋላ ይወድቃል። ድቡ ከፍንዳታው ሲሸሽ ወደ ተኳሹ ይሮጣል። መተኮስ ያለበት በራስና በድቡ መካከል፣ ከፊቱ እንዲፈነዳ ነው። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ሕጉ ጠብቋል፤ ከድብ ቢያንስ 300 ሜትር፣ ከመጋቢት 1 እስከ ሰኔ 30 በፈረንጅ አቆጣጠር 500 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ፎቶ ለማንሳት መጠጋት ያስቀጣል።

ድንኳን ሲተከል ዙሪያውን ክር ይዘረጋል፤ ድብ የነካው እንደሆነ የሚፈነዳ ነገር ታስሮበታል። ከዚያም በተራ ጥበቃ ይቆማል። ምግብ ከመኝታው ድንኳን ርቆ ይቀመጣል። ተረኛው መጽሐፍ ማንበብ አይፈቀድለትም፣ ጆሮው ላይም ምንም አያደርግም።

ባሕሩ በክረምት እንኳ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። የሚያስተምሩት ቀመር አጭር ነው፦ አንድ ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት። በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ያን ጊዜ ለመዋኘት መታገል ውኃ ያስውጣል፣ ትንፋሽን ማረጋጋት ብቻ ነው ሥራው። ከዚያ ወደ አሥር ደቂቃ ያህል እጅ ይታዘዛል፤ ገመድ የሚያዘው፣ ጀልባ ላይ የሚወጣው በዚያ ውስጥ ነው። ሕሊና እስኪጠፋ አንድ ሰዓት ያህል አለ። ቱታው ይህን ጊዜ ያራዝመዋል፣ ዚፑ እስከ አገጭ ከተዘጋና የእጅ አንገቱ ከታሸገ ብቻ። ሞቀኝ ብሎ ዚፑን ግማሽ ድረስ ከፍቶ ጀልባ ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ወድቆ ቢገባ ቱታው በውኃ ይሞላል።

ከግግር በረዶ የሚወርዱ ወንዞች ሌላው ጉዳይ ናቸው። ፀሐይ ባትጠልቅም ከፍና ዝቅ ትላለች፤ ከሰዓት በኋላ በረዶው ይበልጥ ይቀልጥና ጠዋት ቁርጭምጭሚት የነበረው ውኃ ጉልበት ይደርሳል። መሻገር ካለ በማለዳ ነው። የቦርሳው የወገብ ቀበቶ ይፈታል፤ ሰው ቢወድቅ ቦርሳውን ጥሎ እንዲነሳ። የጊቤን ወይም የጎጀብን ሙላት የሚያውቅ ሰው እንኳ ጥልቀቱን አይቶ መገመት የለበትም። ውኃው በደቀቀ የድንጋይ ዱቄት ደፍርሶ ወተት ስለሚመስል ታቹ አይታይም።

ቀበሮን መንካት ክልክል ነው። ስቫልባርድ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ በቀበሮ ላይ ይገኛል፤ ከተማ ውስጥ ለማዳ መስሎ የሚጠጋ ቀበሮ ሲታይ ራቅ ማለት ነው። በሐምሌ ደግሞ እንቁላላቸውን የሚጠብቁ ትንንሽ ነጫጭ የባሕር ወፎች መንገደኛውን አናት ላይ ይነክሳሉ። ከፍ ያለውን ነገር ስለሚመቱ ዱላ ከአናት በላይ ይዞ ማለፍ ይበቃል።

ማደሪያ፣ ምግብና እንቅልፍ

የተማሪ ማደሪያው ንጹሕ ነው፣ ወጥ ቤቱ በጋራ ነው። አዳዲሶቹ ሕንጻዎች በወንዙ ዳር ኤልቨስሌታ ላይ ናቸው፤ በታህሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. የበረዶ ናዳ ሁለት ሰው ከገደለ በኋላ ከተራራው ሥር ያሉ ቤቶች ጉዳይ በጥብቅ ታይቷል። የሶኬቱ ዓይነት ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል ባለሁለት ክብ ጥርስ ቻርጀር በቀጥታ ይሠራል።

ወጥ ቤት ውስጥ ቡና መቁላት አይታሰብ። የጭስ ጠቋሚው ይጮሃል፣ ሕንጻው ሁሉ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል። ዕጣንም እንደዚሁ። ቡናው ጅማ ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ በደንብ ታሽጎ ይያዝ። ጀበና ቢያዝ አይጎዳም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ግን ሸክላው እንዳይሰነጠቅ ከትንሽ ሙቀት ይጀመር።

ለመስክ ምርጥ ስንቅ የእኛው በሶ ነው፤ አይበላሽም፣ ክብደቱ ትንሽ ነው፣ ኃይል ይሰጣል። ጭኮ ይበልጠው ነበር፣ ግን ቅቤ አለበት። ከአውሮፓ ቀጣና ውጭ የወተትና የሥጋ ውጤት ይዞ ኖርዌይ መግባት ክልክል ስለሆነ ኤርፖርት ላይ ይጣላል። ቋንጣም ያው ነው። የበሶ ዱቄቱን ይዞ እዚያ በዘይት ማሸት ይሻላል። ሽሮ፣ በርበሬና ቆሎ ችግር የለባቸውም።

መስክ ላይ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ደረቅ የታሸገ ምግብ ነው፤ ትሮምሶ የሚመረተው ሪያል ቱርማት ይታወቃል። ከረጢቱ ውስጥ እስከ መስመሩ የፈላ ውኃ ይጨመራል፣ ይዘጋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ከረጢቱን በደንብ ሳያማስሉ መዝጋት ታቹ ዱቄት ሆኖ እንዲቀር ያደርገዋል። ለሙስሊም ተማሪ ዓሣና አትክልት ያለበትን ማስመዝገብ ቀላሉ መንገድ ነው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ኮርሱ መሐል ስለሚገባ ጾመኛውም እንዲሁ አስቀድሞ ያስመዝግብ። «እንስሳ ነክ የሌለበት» ተብሎ ካልተጻፈ የአትክልቱ ምግብ ውስጥ የወተት ዱቄት ይኖራል።

ፀሐይ ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ አትጠልቅም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በስተሰሜን ሰማይ ላይ ቆማ ታገኟታላችሁ። በጠዋትና በማታ ሰዓት መቁጠር የለመደ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይምታታበታል። ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ማድረግ ይረዳል፤ በክረምት የእነሱ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያል። መስኮቱ ላይ ከውስጥ በኩል የአልሙኒየም ወረቀት መለጠፍና የዓይን መሸፈኛ መያዝ ይበቃል። መግሪብና ኢሻ በፀሐይ የሚታወቁበት መንገድ ስለሌለ ዑለማዎች የመካን ወይም ቀንና ሌሊቱ የሚለይበትን የቅርብ ከተማ ሰዓት መከተልን ይፈቅዳሉ፤ የትኛውን እንደሚከተል ከጅማ ሳይወጣ ኢማሙን ጠይቆ ቢሄድ ይቀለዋል። የሰሜን ብርሃን አያለሁ ብሎ በሐምሌ የሚሄድ ካለ ገንዘቡን ይቆጥብ፤ ሰማዩ ሳይጨልም አይታይም።

ኢንተርኔቱ ከተማ ውስጥ በባሕር ሥር በተዘረጋ ፋይበር ስለሚመጣ ፈጣን ነው። ከከተማ ከራቁ ግን ብዙ ቦታ ላይ የሳተላይት ስልክ ብቻ ነው። ወደ ኒ-ኦለሱንድ የምርምር መንደር የሚወስድ ኮርስ ከሆነ ደግሞ ዋይፋይም ብሉቱዝም በ20 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይጠፋል፤ እዚያ ያሉት አንቴናዎች ደካማ የጠፈር ምልክት ስለሚያዳምጡ ነው። ብሉቱዝ ሰዓት እንኳ ይዘጋል። በር ግን አይቆለፍም፤ ድብ ያሳደደው ሰው በቀረበው ቤት እንዲገባ።

የዘር ግምጃ ቤቱ

ከጅማ የሄደ ሁሉ የሚጓጓው በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ዓለም አቀፍ የዘር ግምጃ ቤት ለማየት ነው። ውስጡ ለጎብኚ አይከፈትም፤ በሩን ከውጭ አይቶ መመለስ ነው። ዘሩ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው። ለጤፍና ለስንዴ የሚሆነው ዘዴ ለቡና አይሆንም፤ የቡና ዘር እንዲያ ደርቆና ቀዝቅዞ ሲቀመጥ ይሞታል። ስለዚህ የቡናችን ዝርያ በሕይወት ያለ ዛፍ ሆኖ ነው የሚጠበቀው፤ ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይና መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ። የባዮሎጂና የግብርና ተማሪ ወደ ስቫልባርድ ከመሄዱ በፊት ጮጬን ቢያይ መምህሮቹን የሚጠይቀው ጥያቄ ይበዛለታል። ርቀቱ ደግሞ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው።

የሚጎድለው

ሥራ ፈልጎ ለመቅረት ለሚያስብ ይህ ቦታ አይሆንም። የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም የሚለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ቤት በጣም አይገኝም፣ ራሱን ማኖር የማይችልን ሰውም የደሴቱ አስተዳዳሪ ማስወጣት ይችላል። የኖርዌይ ማኅበራዊ ድጎማ እዚያ አይሠራም።

ሌላው ቅሬታ ከኮርሱ በኋላ ነው። የሚሰበሰበው መረጃ የቡድን ስለሆነ ለመመረቂያ ጽሑፍ እጠቀምበታለሁ ካላችሁ ከመምህሩ ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋገሩ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሻንጣ ሲያስር ማን ምን እንደሚወስድ የሚያስታውስ የለም። የመስክ ሥራ በስቫልባርድ የምርምር መዝገብ ላይ ስለሚመዘገብና የአስተዳዳሪው ፈቃድ ስለሚያስፈልገው የራስን ናሙና ቆፍሮ መያዝ አይቻልም። አፈር ይዞ ኢትዮጵያ ለመግባትም የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ናሙናው እዚያው ላቦራቶሪ ቢተነተን፣ ቁጥሩ ብቻ ቢመጣ ይሻላል።

የመመለሻ ቲኬት ሲቆረጥ ከመጨረሻው የመስክ ቀን በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ይተው። ጀልባ በነፋስ፣ አውሮፕላን በጉም ይዘገያል። ከኦስሎ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳው በረራ በሌላ ቲኬት ከተገዛ ደግሞ ያመለጠውን የሚተካ የለም፤ ቪዛው የሚያበቃበት ቀንም እነዚያን ሁለት ቀናት ጨምሮ ይጠየቅ።